እርሳስ የሌለው፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ጥይት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ካሊፎርኒያ፣ ሴንትራል ቫሊ ውስጥ ትንሽ የአልሞንድ ማሳ አለኝ። የምድር ሽኮኮዎች ሥሩን እየቆፈሩ፣ ፍሬውን እየበሉ አስቸገሩኝ። ስተኩስ ደግሞ የጎረቤቴ ፈረሶች ይደነብራሉ። ለባለ 22 ጠመንጃዬ (የአፈሙዙ ስፋት 0.22 ኢንች ለሆነው) ድምፁ ዝቅ ያለ የእርሳስ ጥይት አለኝ። በራሴ መሬት ብጠቀምበት ችግር አለው? ምትክስ ይኖረዋል?

መልስ፦ አዎ፣ ችግር አለው። ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የዱር እንስሳን በጠመንጃ የሚገድል ሰው እርሳስ የሌለው ጥይት መጠቀም አለበት። መሬቱ የራስዎ ነው፣ እንስሳው ተባይ ነው ማለት አያድንም። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። በእርሳስ የተመታ ሽኮኮ ሜዳ ላይ ሲቀር ጥንብ አንሳና ንስር ይበሉታል። ስብርባሪው ይመርዛቸዋል። በ1982 ቁጥሩ ወደ 22 ብቻ ወርዶ የነበረውን የካሊፎርኒያ ኮንዶር የሚባለውን ግዙፍ ጥንብ አንሳ ዛሬም በዋናነት የሚገድለው ይኸው የእርሳስ መርዝ ነው።

ምትኩ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ጥይት "ጧ!" የሚለውን ድምፅ እንዳያሰማ ከድምፅ ፍጥነት በታች፣ ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ ባነሰ ፍጥነት መሄድ አለበት። የእርሳስ አረር ከባድ ስለሆነ ቀስ ብሎም ጉልበት ይኖረዋል። መዳብ ቀላል ነው። ከመዳብ ዱቄትና ከፕላስቲክ የተሠራው የ22 አረር የተለመደውን የእርሳስ አረር ግማሽ ያህል ነው የሚመዝነው፤ ክብደቱን በፍጥነት ስለሚያካክስ ይጮኻል። ፍጥነቱን ቢቀንሱት ጉልበቱ በዚያው ፍጥነት ከሚሄደው የእርሳስ አረር ግማሽ ያህል ብቻ ይሆናል። አረሩን አስረዝመን ክብደት እንጨምርበት ቢባልም፣ የባለ 22 አፈሙዝ ጠመዝማዛ ቦይ ረጅም አረር በደንብ አያሽከረክርም፤ ጥይቱ ይዋልላል። ጠንካራ መዳብ በዝግታ ሲመታ ደግሞ አይከፈትም። እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል፣ እንስሳውም ቆስሎ ጉድጓዱ ገብቶ ይሞታል። ይህ ለእኔ ከጩኸቱ የባሰ ነው።

ስለዚህ ጸጥታውን ይርሱት። እርሳስ የሌለውን ፈጣን ጥይት ይግዙና በጠመንጃዎ ወረቀት ላይ ይሞክሩት፤ አንዱ ጠመንጃ የወደደውን ሌላው ይጠላዋል። ጠንካራ ብረት ነጥሮ ይመለሳል፤ ከዒላማው ጀርባ የአፈር ቁልል ይኑር። ሰው ከሚኖርበት ቤት በ150 ያርድ (137 ሜትር ገደማ) ውስጥ ያለ ነዋሪው ፈቃድ አይተኩሱ። ለጎረቤትዎም ቀድመው ይንገሩ፣ ፈረሶቹን ዞር ያደርጉልዎታል። ድምፅ ማፈኛ መግዛት አያስቡ፤ በካሊፎርኒያ ለግለሰብ ክልክል ነው።

ደግሞም ተኩስ የሚያዋጣው ሽኮኮው ጥቂት ሲሆን ነው። ብዙ ከሆነ ዋናው ጊዜ የጸደይ መግቢያ ነው። ከክረምት እንቅልፋቸው ነቅተዋል፣ ገና አልወለዱም፣ አፈሩም እርጥብ ነው። ያኔ ጉድጓዱን በጭስ ካርትሪጅ፣ ማለትም ሲለኮስ መርዛማ ጭስ በሚያወጣ ቱቦ፣ ማጠን ይቻላል፤ በደረቅ አፈር ጭሱ በስንጥቁ ያመልጣል። ከማጠንዎ በፊት ኪት ፎክስ የሚባለው ጥበቃ ያለው ቀበሮ እዚያ እንደማይኖር የካውንቲዎን የግብርና ኮሚሽነር ቢሮ ይጠይቁ። ባዶውን ጉድጓድ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ታች ቆፍረው ካላፈረሱት ሌላ ሽኮኮ ይገባበታል።

የሞተውን በባዶ እጅ አይንኩ። ቁንጫው ቸነፈር (ፕሌግ) የሚባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።