መልስ፦ ከዴልሂ ተነስቶ በአምስት ቀን ሙሱሪንም ኬዳርናትንም ማየት ይቻላል?

እህቴ፣ ሁለቱን በአንድ ጉዞ አትሞክሪ። ኬዳርናት፣ በሂማላያ ተራሮች ላይ ያለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ፣ ብቻውን አምስቱን ቀን ይበላል። ከተራራው ግርጌ ካለችው ከሪሺኬሽ ከተማ በመኪና ሙሉ ቀን ትጓዣለሽ፤ የመኪናው መንገድ ከሚያበቃበት ከጋውሪኩንድ ወዲያ ደግሞ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት በእግር ወይም በበቅሎ ነው። ቤተ መቅደሱ ያለው 3,583 ሜትር ላይ ነው። «ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፣ ከፍታ አይከብደኝም» እንዳትዪ። ዴልሂ 200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወራት ከቆየሽባት ሰውነትሽ የለመደውን ከፍታ ይረሳል። ራስ ምታትና ማስመለስ አብረው ከመጡ መውረድ እንጂ ወደ ላይ መቀጠል የለም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ተራራውን እየናደ መንገድ ይዘጋል፤ ያኔ ጨርሶ አትሂጂ።

ላንቺ የሚሻለው፦ በጠዋቱ ባቡር በጋንጅስ ወንዝ ዳር ያለችው ሃሪድዋር ከተማ ግቢ፣ ማታ ሃር ኪ ፓውሪ በሚባለው የወንዝ ዳር ደረጃ ላይ ቅጠል ውስጥ የተቀመጡት መብራቶች በጋንጅስ ላይ ሲንሳፈፉ እዪ። በማግስቱ ሪሺኬሽ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀሪውን ቀን ለተራራ ላይ ከተማዋ ለሙሱሪ ስጪው፤ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሹራብ ያዢ። ከግርጌዋ ካለችው ከዴራዱን ከተማ ወደዚያ የሚወጣው መንገድ ጥምዝምዝ ስለሆነ ሆድሽን ሞልተሽ አትሳፈሪ፣ ፊት ወንበር ያዢ።

ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማ ይወልቃል። እኩለ ቀን ላይ እብነ በረዱ እግር ያቃጥላል፣ ወፍራም ካልሲ ቦርሳሽ ውስጥ አይጥፋ። ሃሪድዋርና ሪሺኬሽ ሥጋና መጠጥ አይሸጥም፤ ግን ጾመኛ ከሆንሽ ይህ አያዘናጋሽ፣ ምስር ወጡም በቅቤ ሊሠራ ይችላል። ምግብ ከማዘዝሽ በፊት «ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት» በዪ።