ቀን የሚያርፈው ሰዓት ሆዱ ለምን ተነፋ?

አንዲት እህታችን ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጽፋልኛለች። ሁለት ስማርት ሰዓት አላት። ትልቁን ቀን ታስረዋለች፤ ስልክ ሲደወል ያሳውቃታል፣ መልእክት ያሳያታል። ቀጭኑን ማታ ታስረዋለች፤ እንቅልፏን ይመዘግባል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ቫይብሬት እያደረገ፣ ልጆቹን ሳይረብሽ እሷን ብቻ ይቀሰቅሳታል። ሰርቪሷ በ11፡40 ነው የሚያልፈው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ቀጭኑ ድሮ በአንድ ቻርጅ ከሳምንት በላይ ይቆይ ነበር፤ አሁን ሁለት ቀን አይሞላም። 30 ፐርሰንት እያሳየ ድንገት ይጠፋል። በዚህ ሰበብ ሰርቪስ ሁለቴ አምልጧታል። ስክሪኑ በአንድ ጎን ብድግ ብሏል። ጠጋኝ ጋ ወስዳው በሱፐር ግሉ ለጠፈላት፤ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ተነሳ። አንዳንዴ ሳትነካው ራሱ ገጽ ይቀያይራል። ትልቁም ከስልኳ ጋር ይቆራረጥባታል። የሥራ ባልደረቦቿ “ሁለቱ በአንድ ስልክ ላይ ሆነው እየተጣሉ ነው” አሏት። ጥያቄዋ “አንዱን ልሽጠው?” የሚል ነው።

እህቴ፣ ቀጭኑንስ ለማንም አትሽጪው። ለገዛው ሰው መከራ ነው የምትሸጪለት።

ደብዳቤሽን ሳነብ ስለ ብሉቱዝ የጻፍሽውን አለፍኩት። ዓይኔ ያረፈው እግረ መንገድሽን ጣል ባደረግሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፦ “ቀጭኑ ቀን ቀን መስኮቱ ጋ ቻርጀሩ ላይ ነው የሚውለው።” በቃ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት፣ 13 ሰዓት ሙሉ፣ ሞልቶ፣ ፀሐይ እየመታው፣ በየቀኑ። ሰዓትሽን ሳላየው ልናገር፤ ባትሪው አብጧል። ስክሪኑን የሚገፋው እሱ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን አድርጊ። ዛሬ ማታ አትሰሪው። ቻርጀር ላይ አትመልሺው። ትራስ ሥር፣ ፍራሽ ላይ፣ መጋረጃ አጠገብ አታስቀምጪው። የተነሳውን ስክሪን “ልመልሰው” ብለሽ በአውራ ጣትሽ እንዳትጫኚው። ያበጠ ባትሪ አይጫንም። እያጋነንኩ አይደለም፤ ፊትቢት እ.ኤ.አ. በ2022 አዮኒክ የሚባለውን ሰዓቱን ባትሪው እየጋለ ሰው ስላቃጠለ ከገበያ ሰብስቧል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 78 የቃጠሎ ጉዳት ሪፖርት ተደርጎ ነበር። ያ የታወቀ ኩባንያ ሥራ ነው። የኛን ሰፈር ሱፐር ግሉ ጨምሪበትና አስቢው።

የብሉቱዙን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ሁለት ሰዓት በአንድ ስልክ ላይ አይጣላም። አንድ ስልክ ሰዓትም ማዳመጫም ሌላም አንድ ላይ ይይዛል። ትልቁ የሚቆራረጠው፣ ስልክሽ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ የሰዓቱን አፕ ከጀርባ ስለሚዘጋው ሳይሆን አይቀርም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ የዚያን አፕ የባትሪ አጠቃቀም “ያለገደብ” አድርጊው። እርምጃሽ እጥፍ ሆኖ ከታየሽ ደግሞ ሁለቱም ለአንድ የጤና አፕ እየላኩ ነው፤ አንዱን ብቻ ምንጭ አድርገሽ ምረጪ። ይኸው ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይወጣም፤ ታገሺኝ።

የሰዓት ባትሪ ውስጡ ጥቅል እንጀራ ነው። አንዱ ስስ ንብርብር መዳብ ላይ የተቀባ ካርቦን፣ ሌላው አሉሚኒየም ላይ የተቀባ የሊቲየም ውህድ። በመካከላቸው እንዳይነካኩ የምትለይ በጣም ስስ ፕላስቲክ አለች። ይህ ሁሉ አብሮ ይጠቀለልና በፈሳሽ ይርሳል፤ እንጀራው ወጥ እንደጠጣ አድርገሽ ውሰጂው። ከዚያ ለስላሳ የአሉሚኒየም ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል። ቻርጅ ስታደርጊ ሊቲየሙ ከአንዱ ንብርብር ተነስቶ በፈሳሹ ውስጥ አልፎ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስትጠቀሚበት ይመለሳል። በዚህ ምልልስ ፈሳሹ ደህና ሆኖ መቆየት አለበት።

ፈሳሹን በዋናነት የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀትና ሙሉነት። ባትሪው ሲሞላ ቮልቴጁ 4.2 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። እዚያ ላይ ሲቆም ውጥረት ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ሙቀት ከመጣ ፈሳሹ ቀስ እያለ ይፈርሳል፤ ሲፈርስ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ መውጫ የለውም። የፕላስቲክ ከረጢት ወተት ከፍሪጅ ውጭ ሰንብቶ ሲነፋ አይተሻል አይደል? ልክ እንደዚያ። ወተቱን ማንም አልነካውም፤ መቀመጡ ነው ያበላሸው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ ይባላል። “አዲስ አበባ ምን ሙቀት አላት?” እንዳትዪኝ። ጥቁር ነገር ከመስታወት ጀርባ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት አስቀምጪና ንኪው።

አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ይህ ብዙም አይገጥመውም። ቸኩሎ ይሰካል፣ እንደሞላ ነቅሎ ያስረዋል። ሁለት ያለው ሰው ግን ተረኛው እስኪመለስ ሌላውን ቻርጀር ላይ ይረሳዋል። እኔ ጋ ከሚመጡት ያበጡ ሰዓቶች ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ዕረፍት ላይ የነበሩ ናቸው።

11 ሰዓት ላይ ለምን እንደሚጠፋም ከዚሁ ይመጣል። የደከመ ባትሪ ዝም ሲሉት 30 ፐርሰንት ያሳያል። ቫይብሬተሩና የስክሪኑ መብራት ባንዴ ኃይል ሲጠይቁት ግን ቮልቴጁ ዝቅ ይልና ሰዓቱ ይዘጋል። ማለትም የሚገድለው ራሱ አላርሙ ነው። ያሳዝናል፣ ግን ያስቃል። ራሱ የሚነካካው ስክሪን ደግሞ ከሥር በባትሪው እየተገፋ ነው።

ቴስተርና ትንንሽ መፍቻ አለኝ ስላልሽ እንዴት እንደሚታይ ልንገርሽ። ሰዓቱን ዓይንሽ ትክክል ከፍ አድርጊና ከጀርባው በስልክሽ መብራት አብሪበት። በስክሪኑና በቤቱ መካከል ብርሃን ካለፈ፣ ወይም ወረቀት ከገባ፣ ጥርጣሬው አልቋል። ትልቁንም በዚያው እዪው፤ እሱም ሌሊቱን በሙሉ ቻርጀር ላይ ነው የሚያድረው፤ ተራው እየደረሰ ይሆናል።

ለመክፈት መጀመሪያ ቻርጁ ከ25 ፐርሰንት በታች እስኪወርድ ጠብቂ። እስኪወርድ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ሰው ከማይተኛበት ክፍል ይቀመጥ። ከዚያ በተነሳው ጎን ቀጭን ፕላስቲክ አስገቢ፤ የጊታር መምቻ ጥሩ ነው። ቢላ፣ መርፌ፣ የብረት መፍቻ አይሆንም፤ ከረጢቱን ከበሳሽው እሳት ነው። ስክሪኑ ሲላቀቅ ባንዴ አትገንጥይው፤ ሥሩ ፍሌክስ የሚባል ስስ ጠፍጣፋ ሽቦ አለ። የባትሪውን ሶኬት በፕላስቲክ አንስተሽ ቅድሚያ ንቀይ።

እዚህ ላይ ነው ያ ጠጋኝ የሚያናድደኝ። ስክሪን ዝም ብሎ አይነሳም። “ምን ገፋው?” ብሎ መጠየቅ ነበረበት። እሱ ግን የሚገፋውን ነገር ውስጥ ትቶ በላዩ በሱፐር ግሉ አሸገበት። የተነፋ የወተት ከረጢት ላይ ድንጋይ መጫን ማለት ነው። ሱፐር ግሉ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭሱ መስታወቱንና ከሥር ያለውን የልብ ምት ሴንሰር ነጭ ያለብሳል፤ ቀጥሎ የሚከፍተውን ሰው ስክሪን እንዲሰብር ያስገድደዋል። ለዚህ ሥራ ቢ 7000 የሚባል እንደ ጎማ የሚለጠጥ ማጣበቂያ አለ። ዋጋውም ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ፕላስቲኩ ሱፐር ግሉው ጋ ደርሶ እምቢ ካለሽ አቁሚ። አትታገዪው፤ ስትታገዪ የምትጫኚው ባትሪውን ነው፤ ያበጠ ባትሪ ደግሞ አይጫንም። ወደ እኔ አምጪው።

አዲሱ ባትሪ ላይም አትታለዪ። ገበያው ፎርጅድ ሞልቶታል። የጥፍር ያህል ባትሪ ላይ 800 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh፣ የባትሪ አቅም መለኪያ) ተጽፎ አይቻለሁ። ከ100 እስከ 500 ነው የብዙዎቹ ሰዓቶች፤ የቀጭኖቹ ወደ ታች ያደላል። የድሮው ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት አስተያዪ። ግማሽ ሚሊሜትር ከወፈረ ስክሪኑ አይገጥምም። ሽቦውንም ቁጠሪ። የድሮው ሦስት ሽቦ ካለው ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሙቀት መለኪያው ነው። ባለሁለት ሽቦ አምጥቶ “ይሠራል፣ እኔ አገናኘዋለሁ” የሚልሽን አትስሚው። ይሠራል፤ ሲግል ግን የሚናገር የለም። ሳትገጥሚው በቴስተር ለኪው፤ ከ3 ቮልት በታች ካሳየ መልሺለት። አንድ ጊዜ የተከፈተ ሰዓት ላይ “50 ሜትር ውሃ” የሚለው ጽሑፍ ከእንግዲህ ጌጥ ነው፤ ይዘሽው ሻወር አትግቢ።

አሁን አኗኗሩን እናስተካክል። ቀጭኑን ማታ ከሥራ ስትመለሺ ሰክተሽ እራት ተበልቶ ዕቃ እስኪታጠብ ተዪው፤ ለዚያውም በየሦስት አራት ቀኑ ይበቃዋል። ትልቁን ጠዋት ፊትሽን ስትታጠቢና ስትለብሺ፣ የቀረውን ቢሮ፣ ከጠረጴዛሽ ሳትነሺ። ቻርጁን 80 ፐርሰንት ላይ የሚያቆም ምርጫ ካለው አብሪው። ጥቂት ቀን ካልታሰረ ግማሽ ላይ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። መብራት ሲሄድ በፓወር ባንክ ልሙላ ካልሽ ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች የሰዓት ትንሽ ፍጆታ አይታያቸውምና ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ሰዓቱ ተበላሸ ብለሽ እንዳትደነግጪ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ኃይሉ እስኪረጋጋ ትንሽ ታግሠሽ ሰኪ። በርካሽ የሚሸጠውን ቀላል አዳፕተር ተዪው። ዕቃ ክብደት አለው፤ በእጅሽ ስትይዢው ባዶ ቆርቆሮ ከመሰለሽ ውስጡም ያው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አለሁ። አሮጌውን ባትሪ እኔ እረከበዋለሁ፤ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥዪው። እስከዚያ ለአላርሙ ስልክሽን ቫይብሬት ላይ አድርገሽ አልጋው እንጨት ላይ አስቀምጪው፤ ልጆቹ አንድ ሁለት ቀን ይነጫነጩ። ስትመጪ ሰዓቱን ጨርቅ ጠቅልለሽ በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ አድርጊው። ቦርሳሽ ውስጥ ከቁልፍና ከምሳ ዕቃ ጋር እንዳይሆን። የቅዳሜን አውቶቡስ ታውቂዋለሽ፤ ቦርሳሽን ማን እንደሚደገፈው አይታወቅም።