«ኮፐር ሁለት ኦክሳይድ» ሲባል ሁለቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ልጄን ኬሚስትሪ ሳስጠናው የ«ኮፐር ሁለት ኦክሳይድ»ን ፎርሙላ ጻፍ አልኩት። አንድ ኮፐርና ሁለት ኦክስጅን አድርጎ ጻፈ። ተሳስተሃል ስለው «ራስሽ ሁለት ኦክሳይድ አላልሽም እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? በአማርኛስ እንዴት ይጻፋል?

መልስ፦ ልጅዎ ኬሚስትሪው ተሳስቶበታል፤ አማርኛው ግን አልተሳሳተም። አማርኛ ቁጥርን የሚያስቀድመው ከሚቆጠረው ነገር ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ሦስት ደብተር። ስለዚህ ጆሮ ሁለቱን ለኦክሳይድ ይሰጠዋል። «ካርቦን ዳይኦክሳይድ»ን ለለመደ ተማሪ ደግሞ ይብስበታል፤ እዚያ ያለው «ዳይ» የምር ኦክስጅን ይቆጥራል።

እዚህ ግን ሁለቱ የኮፐር ነው። እሱም ብዛቱ ሳይሆን ቻርጁ፣ ማለትም አተሙ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሙል። ኮፐር አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል። አይረንም ሁለት ወይም ሦስት ይይዛል። ብዙዎቹ ትራንዚሽን ሜታሎች (ኮፐርና አይረን ያሉበት የሜታሎች ምድብ) ቻርጃቸው እንዲህ ስለሚለዋወጥ ስሙ የትኛው እንደሆነ መናገር አለበት። ድሮ «ኩፕረስ» ለዝቅተኛው፣ «ኩፕሪክ» ለከፍተኛው ይባል ነበር። ቁጥሩን ማስገባት ያመጣው ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ስቶክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1919።

የአተሞቹ ብዛት ስሙ ውስጥ የለም፤ ተሰልቶ ነው የሚገኘው። ኦክሳይድ ሁለት ኔጋቲቭ ነው። ኮፐር ሁለት ፖዘቲቭ ሲሆን አንድ ለአንድ ይጣፋሉ። ይሄ ጥቁሩ ዱቄት ነው። ኮፐር አንድ ከሆነ ግን ለአንድ ኦክስጅን ሁለት ኮፐር ያስፈልጋል፤ ይሄኛው ቀይ ነው። አዩት? ስሙ ላይ «አንድ» የተባለው ኮፐር ፎርሙላው ላይ ሁለት ሆኖ ቁጭ ይላል። «አይረን ሦስት ኦክሳይድ» ደግሞ ሁለት አይረንና ሦስት ኦክስጅን አለው፤ ስድስት ፖዘቲቭ በስድስት ኔጋቲቭ።

ስህተቱ ሳይታወቅ የሚቆየው በክሎራይድ ነው። «አይረን ሦስት ክሎራይድ»ን «ሦስት ክሎራይድ» ብሎ የሰማ ተማሪ መልሱን ያገኘዋል፤ ክሎራይድ አንድ ኔጋቲቭ ስለሆነ ሦስቱ ገጠመለት። ልጅዎን በክሎራይድ ብቻ አይፈትኑት።

ሲጽፉ ቁጥሩን በቅንፍ ከሜታሉ ስም ጋር ያጣብቁት፤ ክፍተቱ ከቅንፉ በኋላ ይሁን፦ ኮፐር(2) ኦክሳይድ። ኬሚስቶች የሮማ ቁጥር ይጠቀማሉ፤ በአማርኛ ጽሑፍ መሃል ግን የተለመደው አኃዝ ለእኔ ይነበባል። ሲናገሩ «ኮፐር ሁለት» ብለው ትንሽ ቆም ይበሉና «ኦክሳይድ» ይበሉ። ሲያስረዱ «ባለ ሁለት ቻርጅ ኮፐር» ቢሉት ግልጽ ነው። ለስሙ ግን ይረዝማል።

አይረንን «ብረት» ማለትም እዚህ ላይ አያዋጣም፤ ሜታልንም በጅምላ ብረት ስለምንል ይምታታል። ዚንክ ላይ ደግሞ ቁጥር አይጨምሩ። ቻርጁ ሁለት ብቻ ስለሆነ «ዚንክ ኦክሳይድ» ይበቃል።