ፊርማው 600 ደረሰ፤ መልሱስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠናል። የመጡት ከቀበና፣ ከአራት ኪሎ፣ ከቄራና ከፒያሳ ነው። የአራቱም ጭንቀት ተመሳሳይ ነው፦ በመሀል አዲስ አበባ የቀሩትን አእዋፍ፣ እንስሳትና የወንዝ ዳር ዛፎች ለማዳን ነዋሪው ምን ማድረግ ይችላል?

ጥያቄ፦ በቀበና ወንዝ ዳር የምንኖር ጎረቤቶች ነን። ገደሉ ላይ ያሉት ትላልቅ ዛፎች የጋጋኖ ማደሪያ ናቸው፤ ጠዋት የምንነቃው በጩኸታቸው ነው። ከሁለት ወር በፊት ከበላያችን የሚገነባ ሰው የቁፋሮ አፈሩን ወደ ገደሉ ይደፋ ጀመር፤ አምስት ዛፎችም ተቆርጠዋል። 600 ፊርማ አሰባስበን ለወረዳው አስገባን። እስካሁን መልስ የሰጠን የለም። ምኑ ላይ ተሳሳትን?

መልስ፦ የላካችሁልንን ግልባጭ አንብበነዋል። የተጻፈው «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ነው፤ የሚጠይቀውም «ተፈጥሯችን ይጠበቅልን» ብሎ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው እጁ የገባ ሠራተኛ የሚመራበት ክፍል፣ የሚፈርምበት ውሳኔ፣ የሚቆጥረው ቀን የለውም፤ ስለዚህ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። 600 ሰው መፈረሙ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ፊርማ አቤቱታን ያጠነክራል እንጂ አቤቱታን አይተካም።

አዲሱን ደብዳቤ ለአዲስ አበባ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጻፉት፤ ለወረዳው ግልባጭ ይሂድለት። መሠረቱም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ይሁን። ይህ አንቀጽ ማንኛውም ሰው፣ በግሉ የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው «መሬቱ የእኔ አይደለም፤ ምን አገባህ ይሉኛል» ብሎ የሚተወው ይህን ባለማወቁ ነው። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ቀነ ገደቡ ካለፈበት ዕለት አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት ትችላላችሁ። «ነገ ተመለሱ» ሲባል እየተመለሱ የሚባክነው ይኸው 60 ቀን ነውና ካሌንደራችሁ ላይ ምልክት አድርጉበት። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ፤ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም በእናንተ ቅጂ ላይ ሳይሰፍር አትውጡ። መቼ እንዳመለከታችሁ የምታስረዱት በዚያ ማኅተም ነው። የአዋጁን ቅጂ አራት ኪሎ ከሚገኘው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት መግዛት ይቻላል፤ ማሻሻያ ወጥቶ እንደሆነም እግረ መንገዳችሁን ጠይቁ።

የምትጠይቁት ነገር ከሦስት አይብለጥ፦ አፈር መድፋቱ ባስቸኳይ ይቁም፣ የተደፋው ይነሣ፣ የግንባታው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሪፖርት ካለ እንድናየው ይፈቀድ። ሦስተኛውን አትናቁት። አዋጅ ቁጥር 299/1995 እንዲህ ያለ ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ሪፖርቱ አፈሩ ሌላ ቦታ እንደሚወሰድ የሚናገር ከሆነ ገንቢው የራሱን ቃል እንዳፈረሰ በወረቀት ታሳያላችሁ።

ማስረጃችሁ ግን ገና ነው። ድልድይ ወይም የአጥር ማዕዘን ምረጡና በየሳምንቱ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ ፎቶ አንሡ። ከተለያየ ቦታ የተነሡ 40 ፎቶዎች ክምሩ መጨመሩን አያሳዩም፤ ከአንድ ቦታ የተነሡ አራት ፎቶዎች ያሳያሉ። በቴሌግራም ስትለዋወጡ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ አብሮት የተመዘገበው ቀንና ቦታ ይጠፋል። የሰዓት አቆጣጠርም ጣጣ አለው። ስልኩ 06:40 ብሎ የመዘገበውን እናንተ «ከጠዋቱ 12:40» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ተከራካሪው የስድስት ሰዓት ልዩነት አገኘሁ ይላል። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስፍሩ፤ የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ቀንም እንዲሁ።

ለእያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር ስጡት። ግንዱን ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ዙሪያውን በሜትር ለኩ፤ ጽድ ይሁን ወይራ ወይም ባሕር ዛፍ ጻፉ። ቁጥሩን በሚስማር አትምቱበት፣ ጨርቅ ይበቃል። የተቆረጡትን ጉቶ ለኩ። ሁሉንም «አገር በቀል» እንዳትሉ አደራ፤ ባለሙያ መጥቶ አንዱን ባሕር ዛፍ ሆኖ ካገኘው የቀረውንም አያምናችሁም። ወፍ የሚያድርበት ዛፍ ደግሞ ባሕር ዛፍም ቢሆን ማደሪያነቱ አይቀርም።

ጋጋኖዎቹን የምትቆጥሩት ማታ ነው። ቀን ቀን ምግብ ፍለጋ ወደ ሣሩና ወደ ሜዳው ይበተናሉ፤ ሲመሽ ተሰብስበው ይመለሳሉ። ከቀኑ 11:00 እስከ ምሽቱ 12:45 ሁለት ሰው ይቁም፤ አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይጻፍ። ወደ ዛፉ የገቡትንና ከዛፉ የወጡትን ለየብቻ መዝግቡ፤ አለዚያ አንዷ ወፍ ዞራ ስትመለስ ሁለት ሆና ትቆጠራለች። ሦስት ማታ ቆጥራችሁ ሦስቱንም ቁጥር አስፍሩ እንጂ ትልቁን ብቻ አትምረጡ። ከጉሮሮዋ ሥር ቀጭን ሥጋ የምትንጠለጠልባት፣ ስትበር ክንፏ ላይ ነጭ የሚታይባት ጋጋኖ ከሆነች፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። ይህን በደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ ውስጥ ጻፉት።

ስለ ፊርማው አንድ ነገር እንጨምር። ከሰባት ገጾቻችሁ ስድስቱ ላይ ጥያቄው አልተጻፈም፤ ስም ብቻ ነው ያለው። ገጹ ከደብዳቤው ሲነጠል ሰው ለምን እንደፈረመ አይታወቅም። በየገጹ ራስ ላይ ጥያቄውን በሁለት መስመር ድገሙት፤ ከሥሩ ስም እስከ አያት፣ ወረዳ፣ ስልክ፣ ቀንና ፊርማ ይከተል። አንድ አባወራ ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ እጅ ጽሑፍ የፈረመባቸውን መስመሮች ግን ሰርዙ።

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎ ተማሪዎች ነን። ለወንዞችና ለአእዋፍ ጥበቃ 50 ያህል ሰው ሆነን በመፈክር መውጣት እንፈልጋለን። ፈቃድ ያስፈልጋል? ማኅበር ማቋቋምስ ግድ ነው?

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብትን፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣል። ሥነ ሥርዓቱን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚለው «አሳውቁ» ነው። ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ፦ ዓላማው፣ ቦታው ወይም መንገዱ፣ ቀንና ሰዓቱ፣ ከመንግሥት የምትፈልጉት እርዳታ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ። አስተዳደሩ ሰልፉ በሌላ ጊዜ ወይም ቦታ ይሁን የሚል ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። በተግባር ግን መንገድ ላይ ያለ ፖሊስ የሚጠይቃችሁ የጽሑፍ መልስ ነው። ማሳወቂያውን ዓርብ ከሰዓት በኋላ አስገብታችሁ እሑድ ለመውጣት አታስቡ፤ 48 ሰዓቱ ቢሞላም መልስ የሚጽፍ ሰው ቢሮ ውስጥ አይኖርም። ቢያንስ ሰባት የሥራ ቀን አስቀድሙ፤ መልሱ ሳይደርሳችሁም ሰው አትጥሩ። ስማቸው በማሳወቂያው ላይ የሰፈረው ልጆች ኃላፊነቱን እንደሚሸከሙ አውቀው ይፈርሙ።

ሰው ባለማወቅ የሚወድቅበት የርቀቱ ድንጋጌ ነው። ከኤምባሲዎች፣ ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመቃብር 100 ሜትር፣ ከጦር ካምፕ 500 ሜትር መራቅ ግድ ነው። በመሀል ከተማ ይህ ብዙ ቦታ ይዘጋል፤ ምኒልክ አደባባይ ከጊዮርጊስ፣ መስቀል አደባባይ ከእስጢፋኖስ ጋር ይጎራበታል። መነሻና መድረሻችሁን በካርታ ለክታችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉ።

የእኛ ምክር፣ ለ50 ሰው ሰልፉ የመጀመሪያው እርምጃ አይሁን። በግንቦትና በጥቅምት መጀመሪያ አካባቢ (በአውሮፓ አቆጣጠር የሜይና የኦክቶበር ሁለተኛ ቅዳሜ) የዓለም የስደተኛ አእዋፍ ቀን ይከበራል። በዚያ ቀን ጋዜጠኛና የወረዳ ኃላፊ ጋብዛችሁ በወንዙ ዳር እየመራችሁ ወፎቹንና ቆሻሻውን አሳዩ። አንድ ቡድን ከ15 ሰው አይብለጥ፣ ጉዞውም ከአንድ ሰዓት ተኩል አይርዘም። ኃላፊው በዓይኑ ያየውን በማግስቱ በደብዳቤ ስታስታውሱት «አላውቅም» ለማለት ይቸገራል።

ማኅበር ግድ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለመመዝገብ ቢያንስ አምስት መሥራቾች ያስፈልጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ዓመታዊ ሪፖርትና የሒሳብ ሥራ ይከተላል። ለአንድ ወንዝ ጉዳይ ይህን ሁሉ መሸከም አይመከርም፤ የትምህርት ቤት ክበብ ሆናችሁ መሥራት፣ ወይም ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር መቀላቀል ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቄራ አካባቢ በአንድ የሞተ ውሻ ዙሪያ ሦስት ጥንብ አንሳዎች ሞተው አየሁ። ሰው ውሻ ለማጥፋት መርዝ ጥሏል ይላል። አሁን ምን ላድርግ? ወደፊትስ እንዲቆም ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ በባዶ እጅ አይንኩ። አንዳንዱ ፀረ ተባይ በቆዳ በኩል ይገባል። መጀመሪያ በድኖቹን ሁሉ ከነአካባቢው በፎቶ ይያዙ፤ አጠገባቸው ሥጋ፣ ከረጢት ወይም ዱቄት ካለ ለብቻው ያንሡት። ከዚያ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪምና ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያሳውቁ። ሰው እስኪመጣ የውሻውን በድን በላስቲክ ሸፍነው ዳርዳሩን ድንጋይ ይጫኑበት፤ መርዙ ከውሻው ወደ ጥንብ አንሳው፣ ወደ ጅቡና ወደ ሌላ ውሻ የሚተላለፈው ተሸፍኖ ባለማደሩ ነው። ሐኪሙ ለምርመራ የሚፈልገው ጉበትና የጨጓራ ይዘት ነው፤ ያን እሱ ያውጣው። በድኑን ማንም ሳያየው ካቃጠሉት ማስረጃው አብሮ ይነዳል።

ሦስት ወፍ ብዙ ነው። ጥንብ አንሳ በዓመት የምትጥለው አንድ እንቁላል ነው፤ ጫጩቷም ለመራባት ዓመታት ይፈጅባታል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎችን በመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ላይ መድቧቸዋል፤ በከተሞቻችን ቄራና ቆሻሻ መጣያ ላይ የምትታየው ትንሿ ጥንብ አንሳ ከነሱ አንዷ ናት። በሕንድ በ1990ዎቹ ጥንብ አንሳዎች ከመቶ ከ90 በላይ ያለቁት ለከብት ሕመም ማስታገሻ በሚሰጥ ዳይክሎፌናክ በተባለ መድኃኒት ምክንያት ነው፤ አገሪቱ ለእንስሳት እንዳይሰጥ በ2006 እ.ኤ.አ. አግዳዋለች። ከብት ያላችሁ አንባቢዎች በምትኩ ሜሎክሲካም እንዲታዘዝ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ «መርዝ ይቁም» ብቻ ብለው አይጻፉ። ሰው መርዝ የሚጥለው የእብድ ውሻ በሽታን ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። አማራጭ ያልያዘ ጥያቄ «ልጄ ቢነከስስ?» በሚል አንድ ቃል ይወድቃል። አማራጩ ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። ውሾቹ ሲገደሉ ግን ቦታውና ምግቡ ስላለ ያልተከተቡ ሌሎች ይተካሉ። ስለዚህ ሠፈርዎ ውስጥ ያሉትን ውሾች፣ ባለቤት ያላቸውንና የሌላቸውን፣ ሁለት ቀን በማለዳ ቆጥረው «200 ውሻ አለ፤ ቢያንስ 140 ይከተብ፤ በዚህ ቅዳሜ ጎረቤት ውሻውን ይዞ እንዲወጣ እኛ እንቀሰቅሳለን» ብለው ይጻፉ። የሥጋ ትርፍራፊው በክዳን በርሜል እንዲጣልም ይጨምሩበት፤ ውሻውን የሚያበዛው እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ አንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ የዝሆን ጥርስ የሚመስል የአንገት ጌጥ አየሁ። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ልልቀቀው?

መልስ፦ አይልቀቁት፤ ዕቃው በዚያው ምሽት ከመደርደሪያው ይነሣል። ለማስረጃ ብለውም አይግዙ፤ ለሻጩ ገበያ ይሆኑታል፣ እርስዎም ክልክል ዕቃ ይዘው ይገኛሉ። መጀመሪያ ይለዩት። የተቆረጠውን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት እንደ ወንፊት የሚጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ካሉበት የዝሆን ጥርስ ነው። የግመል ወይም የከብት አጥንት ግን ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣብና ጭረት ይታይበታል። በጋለ መርፌ የመውጋቱን ዘዴ ይተዉት፤ የሰው ዕቃ ያበላሻሉ፣ ሻጩንም ያስጠነቅቃሉ። ከዚያ የሱቁን አቀማመጥ፣ ቀኑን፣ የዕቃውን ብዛትና የተጠየቀውን ዋጋ ጽፈው ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይስጡ። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የተከማቸ የዝሆን ጥርስ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ውስጥ በአደባባይ አቃጥላለች፤ ጥቆማዎን የሚቀበለው ሠራተኛ ቢያመነታ ይህን ያስታውሱት፤ የጥቆማዎን ገቢ ቁጥርም ይቀበሉ።