የእርምጃ ውድድር ልትጀምሩ ከሆነ ድምሩን አታወዳድሩ

እህቴ፣ ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር ማን ብዙ እርምጃ ይሄዳል ብላችሁ ልትወዳደሩ እንደሆነ ጽፈሻል። በሁለት ሳምንት እንዳይቀዘቅዝ ምን እናድርግ ነው ጥያቄሽ። እኔ በመጀመሪያው ውድድር ተጎድቼበታለሁ። በሁለተኛው ግን ይኸው 14 ወር ሳናቋርጥ እየሄድን ነው።

1. መጀመሪያ አንድ ሳምንት እንደወትሯችሁ ሂዱና ቁጥሩን መዝግቡ። በዚያ ሳምንት ማንም ለመብለጥ አይሞክር። የእያንዳንዱ ሰው መነሻ የሚታወቀው እንደዚያ ነው።

2. የሚያሸንፈው ብዙ የሄደ ሰው አይሁን። የራሱን ግብ ብዙ ቀን የመታ ይሁን። እኛ የሳትነው ይህችን ነው። አምስት ነበርን፤ ደንባችን ደግሞ አንድ ብቻ፦ በቀን ብዙ የሄደ ያሸንፋል። አንዱ ባልደረባችን ሥራው ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚያመላልሰው ነው፤ ምሳ ሳይደርስ 9,000 ይሞላል። እኛ ወንበር ላይ ነን። በአሥረኛው ቀን ሁለቱ «አንደርስበትም» ብለው ወጡ። እኔን ግን እልህ ያዘኝ። መነሻዬ 3,500 ገደማ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት 16,000 አስገባሁት። ቤተሰብ ሁሉ ተኝቶ እኔ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜ ሚስማር የረገጥኩ ያህል ወጋኝ። ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ የሚያወጣው ሰውዬ «በእግር መሄድም ያሳምማል እንዴ?» ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። እስከዛሬ ያናድደኛል። ሐኪሟ ግን፣ ትባረክ፣ በደንብ አየችኝ። ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው ጅማት ተቆጥቷል አለችኝ። እግር ያልለመደውን በአንዴ ሲጭኑበት የሚመጣ ነው። ስድስት ሳምንት ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ የሄድኩት በዜሮ ቀረ።

10,000 የሚባለውንም ቁጥር እንደ ሕግ አትያዙት። መነሻው በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣ «ማንፖ-ኬ» የተባለ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው፤ ስሙ ራሱ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አማካይ ዕድሜያቸው 72 በሆነ ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት አለ። በቀን 4,400 ገደማ የሚሄዱት 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ይልቅ በጥናቱ ዓመታት የሞቱት ያነሱ ነበሩ። ከ7,500 ገደማ በኋላ ልዩነቱ ብዙም አልጨመረም። ይህን ቀድሜ ባውቅ እግሬን አላሠቃየውም ነበር።

3. ሁላችሁም በአንድ ዓይነት መንገድ ቁጠሩ። ስልክ የሚቆጥረው የራሱን እንቅስቃሴ ነው። ጠረጴዛ ላይ ትተሽው ብትሄጂ ምንም አይመዘግብም። እጅ ላይ የሚታሰረው ደግሞ ጋሪ ስትገፊ ያጎድላል፣ ክንድሽ ስለማይወዛወዝ። ከቀሩት ተወዳዳሪዎቻችን አንዱን ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲወዘውዝ ያዝነው። ከዚያ በኋላ መተማመን የለም፤ ውድድሩም ያኔ አበቃ።

አሁን ከታናሽ እህቴና ከአጎቴ ጋር ሦስት ነን። እያንዳንዳችን የራሳችን ግብ አለን። ግቡን የመታ በቀን 1 ነጥብ ያገኛል። በሳምንት ከ6 በላይ አይያዝም፤ ሰባተኛው ቀን ዕረፍት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ግቡ ላይ 500 እንጨምራለን፤ የደከመው ሰው ባለበት ይቆያል። ሰኞ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ባለፈው ሳምንት የተበለጠ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። በገንዘብ አንወራረድም። የሳምንቱ አሸናፊ የእሑድን መንገድ ይመርጣል፣ ሦስታችንም አብረን እንሄደዋለን።

አጎቴ 68 ዓመቱ ነው። ሲጀምር ግቡ 3,000 ነበር፤ ዛሬ 6,500 ይመታል። ባለፈው ወር ሦስት ሳምንት ተከታትሎ አሸነፈን፤ ሦስቱንም ጊዜ ዳገት መረጠልን። እኔም ያ ተረከዜ ሳይመለስብኝ 8,000 ላይ ነኝ፤ በዚህ እኮራለሁ።

የመነሻ ሳምንታችሁን ስትጨርሱ ቁጥሩን ጻፊልኝ፤ የእያንዳንዳችሁን ግብ አብረን እናወጣለን።