«መምህር በስምምነት ግብር አይከፍልም» ስለሚባለው፦ አሜሪካ ለምትሄጂው እህታችን

ጥያቄሽን አየሁት። ከደብረ ማርቆስ ተነስተሽ በጄ-1 ቪዛ (ለትምህርትና ለምርምር ልውውጥ ለሚሄዱ በሚሰጠው) አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአንድ ዓመት በተጋባዥ ተመራማሪነት ልትሠሪ ነው። ደመወዝሽን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ጓደኞችሽ ደግሞ «መምህር በአገሮች ስምምነት ለሁለት ዓመት ግብር አይከፍልም» ብለውሻል። እኔ ከባሕር ዳር፣ ከፔዳ ግቢ፣ በዚሁ ቪዛ ሄጄ ሠርቼ ተመልሻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ለኛ አይሠራም። የገቢ ግብር ትከፍያለሽ።

ወሬው ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። አሜሪካ ከብዙ አገሮች ጋር ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነት አላት። አንዳንዶቹ ውስጥ ስለ መምህራንና ተመራማሪዎች ለብቻው የተጻፈ አንቀጽ አለ። በዚያ አንቀጽ ከህንድ የመጣ መምህር ለሁለት ዓመት፣ ከቻይና የመጣ ለሦስት ዓመት የደመወዝ ግብር ይቀርለታል። (ህንዳዊው ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ይከፍላል።) ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። ከአፍሪካ ያላቸው ግብፅ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከጣሊያን፣ ከህንድና ከቻይና ጋር የተፈራረመ መንግሥት፣ ይህን ያህል ምሁር ከሚሄድበት አገር ጋር አለመፈራረሙ እስካሁን ያንገበግበኛል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ድምፅ ልንጠይቀው የሚገባ ጉዳይ ነው።

እዚያ ስትደርሺ ከሚሰጡሽ ወረቀቶች መሀል ፎርም 8233 የሚባል ሊኖር ይችላል። በስምምነት ነፃ ነኝ የሚል ሰው የሚሞላው እሱ ነው። «ዝም ብለሽ ሙዪው» የሚልሽ ሰው ቢኖርም እንዳትፈርሚ። ፊርማው በሕግ ያስጠይቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው «ሁለት ዓመት» እንምጣ። ሰው የሚያምታታው እዚህ ጋ ነው። ይሄኛው ከስምምነት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የአሜሪካ የራሷ ሕግ ነው። በጄ-1 የሚመጣ መምህር ወይም ተመራማሪ እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ዓመት ለግብር ጉዳይ «ነዋሪ ያልሆነ» ተብሎ ይቆጠራል። ይህ የገቢ ግብርን አያስቀርም። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር የሚባሉትን የጡረታና የጤና መድን ተቀናሾች ግን ያስቀራል። አንዱ 6.2፣ ሌላው 1.45 በመቶ ነው። በወር 4,000 ዶላር ቢከፈልሽ 306 ዶላር ማለት ነው። በዓመት ስታስቢው ቀላል ብር አይደለም።

የመጀመሪያ ፔይስሊፕሽን፣ የደመወዝ ዝርዝር ወረቀትሽን፣ መስመር በመስመር እያት። የኔ ላይ ሁለቱም ተቆርጠው ነበር። ፔይሮል ክፍሉ እንደ ተራ ሠራተኛ መዝግቦኝ ኖሯል። ቪዛዬንና የገባሁበትን ቀን ይዤ ሄድኩ፤ አስተካክለው የተቆረጠውን መለሱልኝ። አሠሪሽ አልመልስም ካለ በፎርም 843 እና 8316 ራሱን የግብር መሥሪያ ቤቱን፣ አይ አር ኤስን፣ መጠየቅ ትችያለሽ።

ዓመት አቆጣጠሩ ላይ ደግሞ በደንብ ልብ በይ። የሚቆጠረው የፈረንጆቹ ዓመት ነው፤ ከፊሉም እንደ ሙሉ ይቆጠራል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከገባሽ፣ እነሱ ጃንዋሪ 1 ሲሉ አንድ ዓመትሽ አለቀ ማለት ነው። ገና ሻንጣሽን ሳትፈቺ! ለአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ብዙ አይጎዳሽም። ግን ብዙ ጊዜ ውል ይራዘማል። ሦስተኛው ዓመት ውስጥ ስትገቢ እንደ ነዋሪ ልትቆጠሪ ትችያለሽ፤ ያኔ ተቀናሾቹም ይጀምራሉ፣ ሌላ አገር ያገኘሽው ገቢም ይጠየቃል። ጋባዦችሽ ከፈቀዱ መነሻ ቀኑን ወደ ጃንዋሪ ማስገፋት ይጠቅማል። ባለፉት ስድስት ዓመታት ውስጥ እዚያ ተምረሽ ከነበረም ንገሪያቸው። ያ ጊዜ አብሮ ይቆጠራል።

እዚህ ዩኒቨርሲቲሽ ደመወዝ መክፈሉን ከቀጠለ አትስጊ። ነዋሪ ያልሆነ የጄ-1 ባለቪዛ ከውጭ አገር አሠሪ የሚከፈለው ደመወዝ እዚያ ግብር አይነካውም። እዚህ እንደ ወትሮው በሠንጠረዥ «ሀ»፣ በደመወዝ ግብሩ ማለት ነው፣ ይቆረጥበታል።

ባለቤትሽ በጄ-2፣ ለጄ-1 ባለቪዛ ቤተሰብ በሚሰጠው ቪዛ፣ ከመጣና ሥራ ከጀመረ ከሶሻል ሴኩሪቲ ነፃ አይሆንም፤ ያ መብት ላንቺ ብቻ ነው። አብረው ለሚሄዱ ልጆችም ጭምር፣ ገቢ ባይኖራቸውም፣ ለእያንዳንዳቸው ፎርም 8843 (ነዋሪ ተብሎ ላለመቆጠር የሚቀርበው ወረቀት) ይሞላል።

ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያውን የምታቀርቢው በ1040-ኤን አር፣ ነዋሪ ላልሆኑ በተዘጋጀው ፎርም፣ ነው። ደመወዝተኛ ከሆንሽ የመጨረሻው ቀን ብዙውን ጊዜ ኤፕሪል 15 ነው፤ በኛ ሚያዝያ 7። ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት የኢንተርኔት ፕሮግራም ለነዋሪ የተሠራ ስለሆነ ያሳስትሻል። ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ዜጎች የሚሆን የራሳቸው ስላላቸው የውጭ ምሁራን ቢሮውን ጠይቂ። የከፈልሽበትን ወረቀት ሁሉ ይዘሽ ተመለሽ። በአዋጅ 979/2008 መኖሪያሽ ኢትዮጵያ እስከሆነ ድረስ እዚህ ነዋሪ ነሽ፤ ነዋሪ ደግሞ በውጭ ያገኘውም ገቢ እዚህ ግብር ይመለከተዋል።

አሜሪካ ቀርቶ ወደ አውሮፓ ብትዞሪ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ከአገሩ ጋር ስምምነት መኖሩን አጣሪ። ከኖረ ማጽደቂያ አዋጁ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። የመምህራን አንቀጽ በሁሉም ውስጥ የለም፤ ብዙ አገሮች የሚከተሉት የኦኢሲዲ (የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት) የስምምነት ሞዴልም አልያዘውም። ካለ የጊዜ ገደቡን አንብቢ። ከሌለ ስለ ቅጥር ገቢ የሚለውን አንቀጽና ከ183 ቀን ያልበለጠ ቆይታን የሚመለከተውን ቅድመ ሁኔታ እይ። እዚያው አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ከከፈለሽ ግን 183 ቀኑ አያድንሽም።

ዲ ኤስ-2019ሽ (ጋባዥ ዩኒቨርሲቲው ለጄ-1 ቪዛ የሚሰጥሽ ወረቀት) ላይ ያለውን መነሻና መጨረሻ ቀን፣ ከዚህ በፊት አሜሪካ ገብተሽ ከነበረም ዓመቱን፣ እዚሁ ጻፊልኝ። ስንት ዓመት እንደሚቆጠርብሽ አብረን እናየዋለን።