አንድ ታኅሣሥ በቤት ውስጥ፦ ለአዲስ መጪ ወገኖቼ

ባለፈው ታኅሣሥ የቀኝ ጉልበቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሐኪሙ ለአንድ ወር መኪና እንዳልነዳ ስለከለከለኝ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ባለው አፓርታማችን ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ። ባለቤቴ ገና ሳይነጋ ወደ ነርሲንግ ሆም ሥራዋ ትወጣለች፣ ወንዱ ልጄ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል፣ ሴቷ ልጄ ደግሞ ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው። የነቢያት ጾም ስለነበር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽሮዬን አሙቄ እበላለሁ፤ ከዚያ በፊት ያለውን ረጅም ሰዓት እግሬን ትራስ ላይ አስቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ከአገር ቤት ስመጣ ይዤው የመጣሁትን፣ አራት ቤት ስንቀያይር አብረን የተሸከምነውን፣ ፕላስተሩ ግን አንድም ቀን ያልተነሣለትን አንድ ካርቶን መጽሐፍ ነው።

ይህን የምጽፈው በዚያ ወር የገባኝ ነገር ገና አሁን ለምትመጡት ሳይረፍድ ቢደርሳችሁ ብዬ ነው። ቃሌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ፤ ለስላሳ ምክር የሚሰጣችሁ ሰው አታጡም።

1. ስለ ወረቀት

አድራሻ በቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አስታውቁ፣ ግሪን ካርዳችሁን ጊዜው ሳያልፍ አድሱ፣ የመጣላችሁን ደብዳቤ ሁሉ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ዜግነት ከቀየራችሁም ቢጫ ካርዳችሁን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን) አውጡ። ስለ ወረቀት የሚያስረዳችሁ ሰው በየካፌው ሞልቷል።

2. ስለ ገንዘብ

በካርቶኑ ውስጥ ከመጽሐፎቹ ሥር በላስቲክ የታሰረ የገንዘብ መላኪያ ደረሰኝ አገኘሁ፤ ከየትኛውም መጽሐፍ ይወፍራል። ደብረ ብርሃን ለእናቴ ቤት አሠራለሁ ብዬ በአንድ ዘመድ በኩል ለአምስት ዓመት እልክ የነበረውን ነው። ቤቱ ዛሬም ብረቱ ወደ ሰማይ የወጣ ምሰሶ ሆኖ ቆሟል። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ በዚያ ወር ካነበብኩት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነበር፣ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ቀን ላይ የትኛውን ሌሊት ደርቤ እንደሠራሁ፣ ልጆቼ በዚያ ማታ ማንን እያዩ እንደተኙ አስታውስ ነበር። እናትና አባታችሁን እርዱ፤ ሌላውን ግን ሠርቶ የሚያሳይ ሰው ሳታገኙ አትላኩ። ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የከሰርኩት ዋናው ነገር ገንዘብ አይደለም።

3. ስለ ማንበብ

መጀመሪያ ያነሣሁት በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በወጣትነቴ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት መጽሐፍ ስለሆነ በሦስት ቀን እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሃያ ገጽ ሳልሞላ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ዓይኔ መሥመሩን ይዘልላል፣ አንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ እመለስበታለሁ። ለካ እኔ ራሴ ለዓመታት አማርኛ አነባለሁ የምለው በስልኬ ላይ የሚመጣውን ሁለት ሦስት መሥመር ወሬና ስድብ ነው። እናቴ ስታወራ በየቀኑ ትጠቀምባቸው የነበሩ ቃላት ገጹ ላይ ሲመጡብኝ ቆም ብዬ «ይህ ምን ነበር?» ማለት ጀመርኩ። በእርሳስ እያሰመርኩ ሄድኩ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያሰመርኩባቸውን ብቆጥር አርባ ሰባት ሆኑ። ስለ ልጆቼ አማርኛ ስናደድ የኖርኩት ሰው የራሴው እንዲህ ዝጎ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ንባቡ መጣልኝ። በወጣትነቴ ልብ ያላልኩት አንድ ነገር አሁን ያዘኝ፦ ሰብለ ወንጌልን የሚያስተምራት በዛብህ ነው፤ ያ ሁሉ ፍቅር የተጠነሰሰው በትምህርት ላይ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ገጽ ላይ ጎንበስ ብለው ሲያነቡ የሚፈጠረውን ቅርበት እኔ ከልጆቼ ጋር አንድም ቀን እንዳላየሁት ያን ጊዜ ታወቀኝ። መጽሐፉን ለማንበብ ጊዜ የለኝም የምትሉ ታክሲ ነጂ ወንድሞቼ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ፈልጋችሁ መኪናችሁ ውስጥ አዳምጡት፤ ቀኑን ሙሉ ከምትሰሙት የፖለቲካ ጭቅጭቅ ይሻላችኋል።

«ስደት ነው ያስረሳን» የሚለውን ሰበብ እኔም ለብዙ ዘመን ተናግሬዋለሁ። ነገር ግን የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ነው፤ ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ጣሊያን አገር የሚኖሩና በኔፕልስ ከተማ አማርኛ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። (በኋላ በወረራው ዘመን የቆሙበትን ወገን አውቃለሁ፤ እዚህ የማነሣው መጽሐፉን ብቻ ነው።) ያኔ የእጅ ስልክ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ፣ በየሳምንቱ በአውሮፕላን የሚመጣ እንጀራ የለ። እኛ ሁሉ ነገር በእጃችን እያለ ነው ቋንቋውን ከእጃችን የጣልነው።

በዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የጀፈርሰን ሕንፃ ውስጥ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍል አለ፤ ዕድሜው 16 የሞላ ማንም ሰው መታወቂያውን አሳይቶ የአንባቢ ካርድ በነጻ ያወጣል። በደጁ ስንት ሺህ ጊዜ ተሳፋሪ ጭኜ አልፌያለሁ፤ ገብቼ የማውቀው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም በዚያ ወር መጨረሻ፣ በከዘራ እያነከስኩ፣ ከልጄ ጋር። እዚያ በአሜሪካዊው ቶማስ ሌይፐር ኬን ስም የሚጠራ የብራና መጻሕፍት ስብስብ አለ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1990 በሁለት ትላልቅ ቅጽ የታተመውን የአማርኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ነው። ልጄ ይህን ስነግረው «ኢትዮጵያዊ ሚስት ነበረችው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሰው ያለ ዘመድ አማርኛን ለራሱ ሲል ይማራል ብሎ ማሰብ አልቻለም። እንዲህ እንዲያስብ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

4. ስለ ልጆች

ከዚህ በኋላ ስለ ቤት መግዛትና ስለ ኢንሹራንስ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ትቼዋለሁ። በሪያድና በቤሩት የምትሠሩ እህቶቼ፣ የብዙዎቻችሁ ልጆች አገር ቤት ከአያቶቻቸው ጋር ስለሆኑ የእናንተ ሕመም ሌላ ነው፤ ይህ ክፍል የሚመለከተው ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ ለሚያጣው ሰው ነው።

ሴቷ ልጄ አንደኛ ክፍል ሳለች አንዲት መምህርት ጠርታን ሁለት ቋንቋ ልጅቷን ስለሚያደናግራት ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብናወራ እንደሚሻል ነገረችን። እኛም እንደ ትልቅ ምክር ተቀበልነው። እውነቱን ልናገርና፣ ደስም ብሎን ነበር፤ የእኛም እንግሊዝኛ ይሻሻላል ብለን አሰብን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰባራ እንግሊዝኛ ልጆቻችንን አሳደግን። አስቡት፤ ልጄን ስቆጣ የምቆጣበት ቃል አጣለሁ፣ ሳቆላምጥ የማቆላምጥበት ቃል አጣለሁ፣ በአማርኛ ብልህ የሆንኩት ሰው በልጆቼ ፊት እንደ ሞኝ እየተንተባተብኩ ኖርኩ። ዛሬ እንዲህ የሚል መምህር ቢገጥማችሁ «እናመሰግናለን» ብላችሁ ውጡና ቤታችሁ ስትገቡ በአማርኛችሁ ቀጥሉ። ልጅ እንግሊዝኛውን ከመንገድ ይለቅመዋል፤ አማርኛውን ከእናንተ በቀር የሚሰጠው የለም።

ወንዱ ልጄ ስድስት ዓመት ሲሆነው እናቴ ሦስት ወር ልትጠይቀን መጣች። ከልጅ ልጆቿ ጋር የነበራት ወሬ «ሰላም»፣ «እሺ»፣ «ውሃ» እና «አመሰግናለሁ» ነበር፤ አራት ቃል ለሦስት ወር። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ይገባው አይገባው ሳትጨነቅ፣ «ተረት ተረት» አለችው። «የላም በረት» የሚል ሲጠፋ እኔ ከኩሽና ሆኜ መለስኩላት። የጅቡንና የአህያዋን ተረት በእጇም በዓይኗም እያስመሰለች ተረተችለትና እንደ ደንቡ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ጨረሰች። ልጁ ከጭኗ ወርዶ ሮጠ፤ ከፍሪጅ ላይ የተቆራረጠ ዳቦ ካለበት ላስቲክ አንድ ቁራጭ አወጣና በሁለት እጁ ይዞ አቀረበላት። ከዚያ ሁሉ ተረት የገባው «ዳቦ» ብቻ ነው። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም ሳቀች፣ ዳቦውን ተቀብላ ግንባሩን ሳመችው። ሌሊት ልጆቹ ሲተኙ ግን ዳቦው ያለበትን ሳህን እያየች፣ «ዳቦውንስ አመጣልኝ፤ ተረቱ ወዴት ገባ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በሁለተኛው ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ አረፈች፤ ልጆቼ ስታርፍ ያለቀሱት እኔ ስላለቀስኩ ነው።

እዚህ ላይ «እኛ እኮ ልጆቻችንን በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ እናስተምራለን» የምትሉ አላችሁ። አስተማሪዎቹ እግዜር ይስጣቸው፤ የምወቅሰው እናንተን ነው። ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው፤ ልጁን ለአንዱ ሰዓት ታደርሱታላችሁ፣ እናንተ ከደጅ ቡና ትጠጣላችሁ፣ ሲወጣ መኪናው ውስጥ በእንግሊዝኛ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ትሉታላችሁ። ልጅ ሞኝ አይደለም፤ እናቱና አባቱ ከእሱ ጋር የማይጠቀሙበትን ቋንቋ ለምን ብሎ ይማራል? በሌላ በኩል፣ በየማታው ሩብ ሰዓት ብቻ ጮክ ብላችሁ ብታነቡለት በዓመት 91 ሰዓት ይሆናል፤ በአሥር ዓመት ከ900 ሰዓት ያልፋል። እኔ ይህን ሒሳብ የሠራሁት ልጄ 17 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታ ዋና ዋና ሰነዶቿን ወደ አማርኛ ታስተረጉማለች። አንድ አሜሪካዊ ባለሥልጣን ፊርማውን አኑሮ «ለአማርኛ ተናጋሪዎች በአማርኛ ይጻፍ» ባለበት አገር እኔ በገዛ ቤቴ ለገዛ ልጄ አማርኛን ከለከልኩ። ያንን ቅጽ በየቢሮው ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ።

ታኅሣሥ 3 ቀን ማታ፣ መጽሐፍ ይዤ ያየኝ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠና «ምን ይላል?» አለኝ። ልተረጉምለት ጀመርኩና አቆምኩ። ካርቶኑ ውስጥ የነበረችውን የተቀዳደደች የፊደል ገበታ አወጣሁ። 33 ተራ፣ ሰባት ሰባት ፊደል፣ 231፤ በቀን አንድ ተራ ብንሄድ ከወር በሦስት ቀን ያልፋል አልኩት። ፊቱ ላይ የወጣቶቹን ንቀት ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን «እሺ፣ በቀን ሰባት ምንም አይደለም» አለ። ሐመሩ ሐ ላይ ስንደርስ «ይኸኛው እኮ ከትናንት ወዲያ ነበር!» ብሎ ተቆጣ፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ እንደነበራቸው፣ በአማርኛ ግን አንድ እንደሆኑ ባስረዳውም፣ «ታዲያ ለምን አልጣላችሁትም?» አለኝ። ይህን የሚጠይቅ እሱ ብቻ አይደለምና ተከራከርን፤ በአማርኛ ሊከራከረኝ ሞክሮ ቃል ሲያጥረው በእንግሊዝኛ ይሞላዋል። ከልጄ ጋር ረጅም ወሬ ያወራሁት በዚያ ሰሞን ነው። ሁለት ማታ የትምህርት ቤት ፈተና ስለነበረው ዘለልን፤ የቀረውን አልዘለልንም።

ታኅሣሥ 29፣ የገና ዕለት፣ ዶሮ ወጡ ተበልቶ ቡናው ሲፈላ ሃያ አምስተኛውን ተራ፣ ጀ ጁ ጂን ጨረሰ። ያን ጊዜ እናቴ በ1992 ዓ.ም. ለጎረቤት ተማሪ እየነገረች ያጻፈችልኝን የመጀመሪያ ደብዳቤ፣ በእጥፋቱ ላይ ሊቀደድ የደረሰውን ወረቀት፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ባለቤቴ ስኒ እያጠበች ነበር፤ ውሃውን ዘጋችው። እህቱም በስልኩ ስክሪን ላይ ሆና ዝም አለች። ጣቱን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬደ፣ እያንዳንዷን ለየብቻ እየጠራ፣ «ይ ድ ረ ስ፣ ለ ው ድ፣ ል…» አለና ቆመ፤ ገበታውን አየት አድርጎ፣ «ጄ! የዛሬዋ ናት፤ ልጄ!» አለ። ቀጥሎ «እንደምን ሰንብተሃል» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ ሊያወጣው ምንም አልቀረው። ከዚያ «ለጤናህ» የሚለው ቃል ላይ ደረሰ፤ «ለ» ብሎ ጣቱን አሳረፈና ቀና አለ።

«ይችን ገና አልደረስኩባትም» አለኝ።

«ነገ ገ ነው» አልኩት፤ «ጠ ከነገ ወዲያ።»

ደብዳቤውን በእጥፋቱ መልሶ አጥፎ የፊደል ገበታው ውስጥ አስቀመጠው።